የተሰወረው ሣጥንና የተረሱት የአቅኚዎች መቃብሮች

ሰው በተፈጥሮው የተሰወረ ነገር መፈለግ ይወዳል። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ፥ ትልልቆች እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ፥ ሊቃውንትም የጥንት ከተማ ሲቆፍሩ፥ ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም የተሸሸገውን መግለጥ ነው። በዚህ በያዝነው ዘመን ደግሞ ከሰማይ በሚመጣ ምልክት እየተመሩ በምድር ላይ የተደበቀ ሣጥን የመፈለግ አዲስ ጨዋታ ተፈጥሮ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ስሙም ጂኦካሺንግ ይባላል።

ይህ ጨዋታ በሜዳና በተራራ፥ በከተማ መናፈሻና በወንዝ ዳር ይካሄዳል። በአሜሪካ አገር ግን ከሌላው ሁሉ ይልቅ አሳብን የሚስብ አንድ ቦታ አለው፤ እርሱም በገጠር እርሻ መካከል ተረስተው የቀሩት የጥንት ሰፋሪዎች የቤተ ሰብ መቃብሮች አካባቢ ነው። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «በመቃብር አጠገብ ጨዋታ ይገባልን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ፥ መቃብሮቹም የእነማን እንደ ሆኑ፥ ሁለቱ እንዴት እንደ ተገናኙም ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በተራ በተራ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ውድ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ጨዋታው ምንድን ነው?

በጂኦግራፊ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ በምድር ላይ ያለ እያንዳንዱ ቦታ በሁለት ቁጥሮች ሊታወቅ ይችላል። አንደኛው ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያመለክተው ኬክሮስ ነው፤ ሁለተኛው ከግሪኒች መሥመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያመለክተው ኬንትሮስ ነው። የጂኦካሺንግ ጨዋታ ሁሉ የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች ላይ ነው።

አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ያዘጋጅና በውስጡ ደብተርና እርሳስ፥ እንዲሁም ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ጥቂት ዕቃዎች ያኖራል። ሣጥኑን ከዓይን በተሰወረ ቦታ ካስቀመጠ በኋላ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት ለሌሎች ተጫዋቾች ያስታውቃል። ፈላጊው ቁጥሮቹን በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ወይም በስልኩ ላይ ይዞ ይጓዛል፤ ሣጥኑን ባገኘ ጊዜ በደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ከዕቃዎቹ አንዱን ቢወስድ በዋጋው ከዚያ የማያንስ ሌላ ዕቃ ይተካል፤ ከዚያም ሣጥኑን እንደ ነበረ አድርጎ ወደ ስፍራው ይመልሳል። የገንዘብ ሽልማት የለውም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለበትም። ትርፉ መንገዱና የተደረሰበት ቦታ ነው።

መሣሪያው ቦታውን የሚያውቀው እንዲህ ነው። ከምድር በላይ በ20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ የሚዞሩ፥ ቁጥራቸው ከ24 የማያንስ የአሜሪካ ሣተላይቶች አሉ። እያንዳንዱ ሣተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ የአቶም ሰዓት ይዞ፥ ያለበትን ስፍራና ሰዓቱን በሬዲዮ ሞገድ ሳያቋርጥ ያስተላልፋል። ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ መሣሪያው መልእክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ከሣተላይቱ ያለውን ርቀት ያሰላል። ከአራት ሣተላይቶች እንዲህ ያለ መልእክት ሲያገኝ የራሱን ቦታ ለማወቅ ይችላል።

ሣተላይቶቹ በመጀመሪያ የተሠሩት ለጦር ሠራዊት ነበር። ስለዚህ ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆነ ተብሎ ይዛባ ስለ ነበር መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሳሳት ነበር። በሜይ ወር 2000 መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ ይህ ማዛባት ሲቀር፥ የመሣሪያዎቹ ትክክለኛነት በአንድ ሌሊት ዐሥር እጥፍ ያህል ተሻሻለ። ወዲያውም በሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ አዲሱን ትክክለኛነት ለመፈተን ፈልጎ፥ በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ በምትባል መንደር አካባቢ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀ። በባልዲው ውስጥ ደብተርና እርሳስ፥ መጻሕፍት፥ ወንጭፍና አንድ ጣሳ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። ሁለት ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ በቁጥሩ ብቻ እየተመሩ ደረሱበት።

የጨዋታው ስም የወጣለት በዚያው ወር መጨረሻ ነው። «ጂኦ» በግሪክ ቋንቋ ምድር ማለት ነው፤ «ካሽ» ደግሞ ከፈረንሳይ ቋንቋ የመጣ ሆኖ የተደበቀ ነገር ወይም መደበቂያ ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2000 የጨዋታው መዝገብ በኢንተርኔት ሲከፈት በመላው ዓለም የነበሩት ሣጥኖች 75 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

አቅኚዎቹ እነማን ነበሩ?

የመጀመሪያው ባልዲ የተደበቀባት ቢቨርክሪክ ኦሪገን ሲቲ ከተባለችው ከተማ ብዙ አትርቅም። ኦሪገን ሲቲ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሠረገላ ወደ ምዕራብ ይጎርፉ ለነበሩት ሰፋሪዎች የጉዞ መጨረሻ ነበረች። ስለዚህ ጨዋታው ሳይታሰብ የተወለደው የጥንት መቃብሮች በሞሉበት አገር ነው።

«የኦሪገን መንገድ» የተባለው ጎዳና ከሚዙሪ ግዛት ተነሥቶ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። በ1843 ብቻ 1,000 ያህል ሰዎች አብረው ተጉዘውበታል። ሠረገላውን በበሬ ያስጎትቱ ነበር፤ ሠረገላው በዱቄትና በቤት ዕቃ ስለሚሞላም ሰዎቹ አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ኮሌራ፥ የወንዝ ሙላትና የሠረገላ አደጋ በየመንገዱ ብዙ ሰው አስቀርተዋል። በጉዞ ላይ የሞተውን ሰው ብዙ ጊዜ በጎዳናው ላይ ቀብረው፥ አውሬ ቆፍሮ እንዳያወጣው ሲሉ ሠረገላዎቹን በመቃብሩ ላይ ያስኬዱ ነበር። የእነዚህም ሙታን ማረፊያ ከመንገዱ አፈር ጋር ተስተካክሎ ጠፍቷል።

ከመንገዱ ተርፈው የደረሱት ግን መሬት አገኙ። በ1850 በወጣው ሕግ መሠረት ከዚያ ዓመት ዲሴምበር በፊት ለሰፈረ ላጤ ነጭ ወንድ 320 ኤከር፥ ለባልና ሚስት ደግሞ 640 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ የባልና የሚስቱም መሬት ግማሹ በሚስቲቱ ስም ይጻፍ ነበር። 640 ኤከር 259 ሄክታር ያህል ነው። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ይህን በሚያህል ሰፊ መሬት ላይ ሲሰፍር ጎረቤት ከጎረቤት እጅግ የተራራቀ ሆነ። በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ መንገዱም በክረምት ጭቃ ነበር። ስለዚህ ሰው ሲሞት በራሱ ርስት ላይ ይቀበር ነበር።

የእኛ አገር አንባቢ መቃብር ሲባል የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም የሙስሊሞች የመቃብር ስፍራ ስለሚታሰበው፥ ሙታንን በእርሻ መካከል መቅበር እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። በእነዚያ ሰፋሪዎች ዘንድ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረም። የውሃ ሙላት የማይደርስበት ትንሽ ኮረብታ ይመርጣሉ፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያ የሚያርፍበት አንድ ሕፃን ልጅ ይሆናል፤ ከዚያም እናት፥ አባት፥ አንዳንድ ጊዜም የራሱ መቃብር የሌለው ጎረቤት ይጨመርበታል። በዙሪያውም አጥር ያጥራሉ። የአቅኚዎች የቤተ ሰብ መቃብር የሚባለው ይህ ነው።

ስለ አቅኚዎች ሲነገር ግን እውነቱ በሙሉ መነገር አለበት። መሬቱ ባለቤት የሌለው ባዶ አልነበረም። የክላካማስና የካላፑያ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት ነበር። ከ1830 ጀምሮ በገባው የወባ ወረርሽኝ እጅግ ብዙ ሰው አለቀባቸው፤ የተረፉትም በ1855 ውል ከተፈረመ በኋላ ግራንድ ሮንድ ወደ ተባለው የተከለለ ስፍራ ተወሰዱ። የእነርሱ ሙታን ያረፉበትን ቦታ የሚያመለክት የተጻፈ ድንጋይ በአብዛኛው የለም። ጥቁሮችም በ1850 ከወጣው የመሬት ሕግ ድርሻ አልነበራቸውም። እንዲያውም አስቀድሞ በ1844 ጥቁር ሰው በኦሪገን እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ ስለ ወጣ፥ ጆርጅ ዋሽንግተን ቡሽ የተባለ ጥቁር አቅኚ ያን ሁሉ መንገድ ከቤተ ሰቡ ጋር ተጉዞ ከደረሰ በኋላ ወደ ሰሜን ተሻግሮ በ1845 በዛሬው የዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሰፈረ። እንግዲህ የአቅኚዎችን ድንጋይ የሚያነብ ሰው ድንጋይ ያልቆመላቸውንም ሊያስባቸው ይገባል።

መቃብር እንዴት ይረሳል?

መቃብር በአንድ ቀን አይረሳም። የሟቹ ልጆች ያስታውሱታል፤ የልጅ ልጆቹ በዓመት አንድ ቀን መጥተው ሣሩን ያጭዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ግን ወደ ከተማ ይሄዳል፤ እርሻውም ይሸጣል። አዲሱ ባለ መሬት ሙታኑን አያውቃቸውም። አጥሩ ሲወድቅ ከብቶች ይገቡና ሰውነታቸውን በድንጋዩ ላይ እያሻሹ ይጥሉታል። የዛፍ ሥርም ከሥር ገፍቶ ያዘነብለዋል።

ጽሑፉም ይጠፋል። ድኻው ሰፋሪ በሙቱ ራስጌ የሚያቆመው የእንጨት ሰሌዳ ስለ ነበር በብስባሽና በእሳት አልቋል። ሌላው ያልተጠረበ የሜዳ ድንጋይ ያቆም ነበር፤ በእርሱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። አቅም የነበረው ነጭ እምነ በረድ ያሠራ ነበር፤ ነገር ግን የዝናብ ውሃ በመጠኑ አሲድነት ስላለው እምነ በረድን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ዝናብ የወረደበት ድንጋይ ፊደሉ እንደ ረገበ ሳሙና ይሆናል።

የተረሳ መቃብር ግን ለሚያስተውል ሰው ምልክት አለው። የሬሳ ሣጥኑ ሲበሰብስ አፈሩ ስለሚሰምጥ፥ በሣሩ መካከል የሰው ቁመት ያላቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ይታያሉ። አብዛኞቹም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው፤ ሙታኑ በትንሣኤ ቀን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርገው እንዲነሡ ታስቦ እግራቸው ወደ ምሥራቅ ይደረግ ነበርና። እንዲሁም በዱር መካከል ሰው ካልተከለው በቀር የማይበቅል ጽጌረዳ ወይም ሌላ የአትክልት ስፍራ አበባ ብቻውን አብቦ ቢገኝ፥ አንዲት እናት በልጅዋ መቃብር ላይ የተከለችው ሊሆን ይችላል።

በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውም ሥዕል ትርጉም ነበረው። የበግ ግልገል የሕፃን መቃብር ምልክት ነው። የተጨባበጡ እጆች የባልና ሚስት መሰነባበቻ ናቸው። ወደ ላይ የምታመለክት ጣት የሰማይ ተስፋን ታሳያለች። ቅርንጫፉ ወደ ታች ያዘነበለ ዛፍ የኀዘን ምልክት ነው። ይህን የተማረ ሰው ፊደሉ ከጠፋ በኋላም ድንጋዩን ሊያነበው ይችላል።

የኦሪገን ግዛት እነዚህን ስፍራዎች ለመጠበቅ ሕግ አውጥታለች። ኦሪገን ከአሜሪካ ግዛቶች እንደ አንዱ የተቈጠረችው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1859 ሲሆን፥ ከዚያ 50 ዓመት በኋላ ካለው ከፌብሩዋሪ 14 ቀን 1909 በፊት የሞተ አንድ ሰው እንኳ ያረፈበት ስፍራ ታሪካዊ መቃብር ተብሎ ይቈጠራል። ለእነዚህም መቃብሮች የሚያስብ ኮሚሽን አላት። ይሁን እንጂ ሕግና ኮሚሽን ብቻቸውን በየእርሻው ያለውን ድንጋይ ሁሉ ሊጎበኙት አይችሉም። ጎብኚ ያስፈልጋል።

ጨዋታውና መቃብሩ እንዴት ተገናኙ?

የጂኦካሺንግ ተጫዋች ሣጥኑን ሲደብቅ ሰው የማያውቀውን፥ ቢያየው ግን ደስ የሚያሰኘውን ቦታ ይመርጣል። ጸጥ ያለ፥ ታሪክ ያለው፥ በዛፍ የተከበበ የአቅኚዎች መቃብር ለዚህ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም በየገጠሩ ባሉ አሮጌ መቃብሮች አካባቢ ብዙ ሣጥኖች ተደበቁ።

ይህ ግን ክርክር አስነሣ። የተቃዋሚዎቹ ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፥ መቃብር የኀዘንና የክብር ስፍራ ስለ ሆነ ጨዋታ አይገባውም ይላሉ። ሁለተኛ፥ ሣጥን የሚፈልግ ሰው ድንጋይ እያነሣና እየገለበጠ፥ ሣር እየረገጠ ያረጀውን መቃብር ያፈርሳል ይላሉ። ሦስተኛ፥ መቃብሩ ያለበት መሬት የሰው ርስት ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ መግባት ሕግ መጣስ ነው ይላሉ። በ2005 የሳውዝ ካሮላይና ግዛት የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በመቃብርና በታሪካዊ ስፍራ ውስጥ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይህን ጨዋታ መጫወትን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አሳለፈ፤ ነገር ግን ሴኔቱ ሳያጸድቀው ስለ ቀረ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

እኔ እንደሚመስለኝ ከሦስቱ ነገሮች ሁለተኛውና ሦስተኛው ፈጽሞ ትክክል ናቸው፤ ማንም ሊክዳቸው አይገባም። የመጀመሪያው ግን የሚወሰነው በጨዋታው አኳኋን ነው። ሣጥኑ በመቃብሩ ላይ ከተደበቀ ጨዋታው በሙታን ላይ መሳለቅ ይሆናል። ሣጥኑ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ መቃብሩ የሚነበብ ብቻ ከሆነ ግን ጨዋታው ለሙታን ጎብኚ ያመጣላቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት እርምጃ ይመስላል፤ በነገሩ ግን እጅግ ሰፊ ነው።

ድንጋዩ ቁልፍ ሲሆን

አስተዋይ ተጫዋቾች ለዚህ መልካም ዘዴ አግኝተዋል። ለፈላጊው የሣጥኑን ቦታ አይነግሩትም፤ የሚነግሩት የመቃብሩን በር ብቻ ነው። ፈላጊው ከዚያ ደርሶ በአንድ ድንጋይ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ያነባል፤ በእነርሱም ሒሳብ ሠርቶ ከመቃብሩ ውጭ፥ ለምሳሌ በመንገድ ዳር ባለ ግንድ ሥር፥ ሣጥኑ ያለበትን ቦታ ያገኛል። እንዲህ ሲሆን ድንጋዩ ቁልፍ ይሆናል እንጂ መደበቂያ አይሆንም።

አንድ ምሳሌ በአሳባችን እንሥራ። በድንጋዩ ላይ «በማርች 14 ቀን 1867 ሞተ፤ ዕድሜው 42 ዓመት ከ3 ወር ከ9 ቀን» ተብሎ ተጽፏል እንበል። በዚያ ዘመን ዕድሜን እስከ ቀኑ ድረስ መጻፍ የተለመደ ነበር። ሣጥኑን የደበቀው ሰው ደግሞ «ኬክሮሱ 45 ዲግሪ ከ17 ነጥብ ሀለሐ ደቂቃ ነው፤ ሀ የሞተበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ ለ የዕድሜው ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ ሐ የወሩ ቁጥር ነው» ብሏል እንበል። እንግዲህ ሀ 7፥ ለ 2፥ ሐ 3 ስለ ሆኑ ኬክሮሱ 45 ዲግሪ ከ17.723 ደቂቃ ይሆናል። ኬንትሮሱም በዚሁ ዓይነት ይገኛል።

ይህ ሒሳብ ትጋትን ያስተምራል። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ 1,852 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ያለው ሦስተኛው አኃዝ በአንድ ቢሳሳት ልዩነቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ የመጀመሪያው አኃዝ በአንድ ቢሳሳት ግን ልዩነቱ 185 ሜትር ነው። በተበላ እምነ በረድ ላይ 7ን እንደ 1 ያነበበ ሰው ከ1,100 ሜትር በላይ ርቆ ሲባዝን ይውላል። ስለዚህ ፈላጊው ቸኩሎ ማለፍ አይችልም፤ ተንበርክኮ፥ ዓይኑን አቅርቦ፥ ፊደሉን አንድ በአንድ ማንበብ አለበት።

ከዚህም የሚበልጥ ትርፍ አለ። ከሞተበት ቀን ዕድሜውን ስንቀንስ ሰውዬው የተወለደው በዲሴምበር 5 ቀን 1824 መሆኑን እናገኛለን። እንግዲህ የ1843ቱ ታላቅ ጉዞ በጸደይ ሲነሣ የ18 ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ይኸውም የእኛን የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ዕድሜ የሚያህል ነው። የመሬቱ ሕግ ሲወጣ የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበር። እንዲህ እያሰብን ስንሄድ ቁጥር የነበረው ነገር ሰው ይሆንልናል። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት በቃል የሚያጠና ተማሪ ይህን ያህል አይገባውም።

የጎብኚው ግዴታ

የጨዋታው አስተዳዳሪዎች ለሁሉም የሚሠሩ ደንቦች አውጥተዋል። ሣጥን ለማኖር የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ባለ መሬቱ ግልጽ ፈቃድ ሣጥን ለመቅበር ጉድጓድ መቆፈር ክልክል ነው። ሣጥኖች እርስ በርሳቸው ቢያንስ 161 ሜትር መራራቅ አለባቸው። ምግብም በሣጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ አውሬ ይስባልና። እያንዳንዱም ሣጥን በመዝገብ ከመውጣቱ በፊት በበጎ ፈቃደኛ መርማሪ ይታያል።

በመቃብር አጠገብ ግን ከእነዚህ ደንቦች በላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርሱም በአጭሩ ይህ ነው፤

1. በሰው እርሻ ከመግባት በፊት ባለ መሬቱን ማስፈቀድ፥ የከፈቱትንም በር መዝጋት።

2. ከጨለመ በኋላ አለመሄድ። በሌሊት በመቃብር መካከል መብራት ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ጎረቤትን ያስደነግጣል፤ እርሱም በሰመጠ ጉድጓድ ሊሰናከል ይችላል።

3. በድንጋይ ላይ አለመደገፍና አለመቀመጥ። ያረጀ ድንጋይ ሲያዩት ጽኑ ይመስላል፤ ነገር ግን በትንሽ ግፊት ሊወድቅ፥ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል።

4. ፊደሉን ለማንበብ ብሎ በሽቦ ብሩሽ አለመፋቅ፥ የልብስ ማንጫ ኬሚካልም ሆነ የጢም መላጫ አረፋ አለመቀባት። እነዚህ ሁሉ ድንጋዩን ይበሉታል። የሚሻለው ዘዴ የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከጎን ማብራት ነው፤ ጥላው ፊደሉን ያጐላዋል፤ ከዚያም ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል።

5. አበባ፥ መጫወቻ ወይም ሌላ በመቃብር ላይ የተቀመጠ ነገር አለመንካት። ሌላ ሰው በፍቅር ያኖረው ነውና።

6. የቀብር ሥነ ሥርዓት ወይም የሟች ዘመድ በስፍራው ካለ ጨዋታውን ትቶ መመለስ። ሣጥኑ ነገም ይገኛል።

ተጫዋቾቹ ከ2002 ጀምሮ ሌላም መልካም ልማድ አላቸው። ሣጥን ፍለጋ ሲሄዱ ከረጢት ይዘው በመንገድ ያገኙትን ቆሻሻ እየለቀሙ ይመለሳሉ፤ ለዚህም በዓለም ዙሪያ ተሰብስበው የሚያጸዱበት ቀን ይወስናሉ። በአሮጌ መቃብር አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ግን ቁጥቋጦ ከመቁረጥ በፊት የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባል። አረም የመሰለው ተክል ከመቶ ዓመት በፊት በሟች ቤተ ሰብ እጅ የተተከለ ሊሆን ይችላልና።

እንዲህ በሥርዓት የሚጎበኝ ተጫዋች ከጉብኝቱ ሁለት ጥቅም ያስገኛል። የመጀመሪያው ጠባቂነት ነው። ማንም የማይደርስበት መቃብር ድንጋዩ ቢሰረቅ ወይም በማረሻ ቢገለበጥ ለብዙ ዓመት የሚያውቀው አይኖርም፤ በየወሩ ሰው የሚያልፍበት ስፍራ ግን ጉዳቱ ቶሎ ይታወቃል፤ ለባለ መሬቱም ሆነ ለአገሩ የታሪክ ማኅበር ሊነገር ይችላል። ሁለተኛው መዝገብ ነው። ዝናብ በየዓመቱ ከእምነ በረዱ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል፤ ዛሬ በፎቶግራፍ የተያዘ ስም ግን ድንጋዩ ቢለሰልስም ይቀራል። በሩቅ አገር የሚኖር የልጅ ልጅ ልጅ የአያቱን ስም ሲፈልግ ሊያገኘው የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ፤ በመቃብር አጠገብ ጨዋታ ይገባልን? በመቃብር ላይ አይገባም። በአጠገቡ ግን፥ ባለ መሬቱ ከፈቀደ፥ ሣጥኑ ከአጥሩ ውጭ ከሆነ፥ ጎብኚውም ድንጋዩን በአክብሮት የሚያነብ ከሆነ፥ የሚገባ ብቻ ሳይሆን የሚጠቅምም ነው። እነዚያ ሰዎች 3,200 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ልጆቻቸውን በኮረብታ ላይ ሲቀብሩ፥ ስማቸውን በድንጋይ ያስቀረጹት ወደ ፊት የሚመጣ ሰው እንዲያነበው ብለው ነው። ዘመዶቻቸው ርቀው ሄደዋል። ዛሬ አንድ ባዕድ ተማሪ በስልኩ እየተመራ መጥቶ፥ ለሒሳቡ ሲል እንኳ ቢሆን፥ ያን ስም በአፉ ቢጠራ የቀረጸው ሰው ድካም ከንቱ አልሆነም።

ሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው አንድ ደብተርና ጥቂት ርካሽ ዕቃ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግኝት በድንጋዩ ላይ አስቀድሞ ተነቧል።